ጫካው ሰኞ ዝግ ነው

ቤት ውስጥ ስሜ ሬዲዮ ነው። እማዬ ናት ያወጣችልኝ። «እሷ ጆሮ የገባ ነገር አንድ ሰዓት ሳይሞላው ጎረቤት ይደርሳል» ትላለች። ውሸቷን ነው፣ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። አሁን ግን አስራ ስምንት ሞልቶኝ መታወቂያ ያወጣሁ ትልቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሰባት ዓመቴ እያለ የሆነውን ነገር፣ ያኔ እንደገባኝና በኋላ እንደገባኝ አድርጌ ልንገራችሁ። ካልነገርኩ እፈነዳለሁ፣ ሙች!

እኛ የአዳኝ ዘር ነን። ትምህርት ቤት ይሄን ስናገር አንገቴ በሁለት ጣት ይረዝም ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ በበጋው መሀል፣ አባዬ ጎህ ሲቀድ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አጋዘን ይዞ ይመለሳል። ከተማው ሁሉ አቧራ በአቧራ ሆኖ እሱ ብቻ ያን ሁሉ ጭቃ ከየት እንዳገኘው የጠየቀ ሰው የለም። ከዚያ አባባ ቤት እንሰበሰባለን። አባባ የአባዬ አባት ናቸው። ያኔ ሰማንያ ሊሞላቸው ነበር፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው፣ ግን ረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ ላይ ሲቀመጡ ኪስ ውስጥ ያለውን ሳይቀር የሚያዩ ነው የሚመስለው። እኔ ከረሜላ ይዤ አጠገባቸው አልቀመጥም ነበር።

የቤታችን አደን ሕግ ነበረው፣ ያውም የማይነካ። የእንስሳው ራስና ቆዳ ቤት አይገባም፣ «ለጫካው ይተዋል» ይባላል። እኔ ይሄን ስሰማ እንባዬ ይመጣ ነበር። እንዴት ያለ አክብሮት ነው እል ነበር! አዳኝ ሳይታጠብ ነው ማዕድ የሚቀርበው። ምግቡ ከመቀመሱ በፊት እንዴት አድርጎ እንደጣለው ቆሞ ይተርካል። ሲተርክ ደግሞ አይጠየቅም። ምንም! «ስንት ሰዓት ላይ?» እንኳን አይባልም። አንዴ አክስቴ «እና አልፈራህም?» ብላ አባባ በማንኪያ ጠረጴዛውን ሲመቱት ሾርባው ተደፋ።

አሁን እነዚህን ሕጎች አንድ በአንድ ሳስባቸው ምን ያህል ብልህ ሰው እንዳወጣቸው ይገርመኛል። ያኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነው።

አባዬ ሥራው መነጽር መሥራት ነው። ትንሽ ሱቅ አለችው፣ ግድግዳው በሙሉ ዓይን የሌላቸው መነጽሮች ናቸው። የራሱ መነጽር የጠርሙስ ቂጥ ነው የሚያክለው። ቤት ውስጥ አይጥ ስትገባ ወንበር ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ እማዬ ናት በነጠላ ጫማ «ቷ!» አድርጋ የምትጨርሳት። ዶሮ ሲታረድ እሱ ሬዲዮ፣ እውነተኛውን ሬዲዮ ማለቴ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሌላ ክፍል ይገባል። እኔ ለዚህ መልስ ነበረኝ፦ አባዬ ጉልበቱን ለትልልቅ እንስሳ እየቆጠበ ነው። አለቀ! ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ «አባትሽ እኮ ውሻችንን ፈርቶ መንገድ ተሻገረ» ሲለኝ «ለውሻው አዝኖለት ነው» አልኩት።

ያን ዓመት አደኑ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ወጥ ቤት በር ኋላ ሆኜ እማዬና አባዬን ሰማሁ። በር ኋላ የምሆነው ለመስማት አልነበረም፤ በአጋጣሚ ነው፣ በየቀኑ።

«ጫካውን አናገርከው?» አለች እማዬ።

«ደውዬለታለሁ። ቅዳሜ በጠዋት ና ብሎኛል።»

«ደሞ እንደ አምናው ወደ ሰኞ እንዳይገፋብህ። ጫካው ሰኞ ዝግ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ስብም እንዳያበዛብን ንገረው። አምና የሰጠህ ግማሹ ስብ ነበር።»

በቃ፣ ይሄን ሰምቼ እንዴት ልተኛ! ጫካ ስልክ ያነሳል! ጫካ ሰኞ ያርፋል! በማግስቱ አስተማሪያችን «አጋዘን የት ይኖራል?» ብላ ስትጠይቅ እጄን ከማውጣት አልፌ ተነስቼ ልቆም ምንም አልቀረኝም። «ጫካ!» አልኩ። «ጎበዝ» አለች። «ከሰኞ በስተቀር» አልኩ። ጎበዙን መልሳ ወሰደችው።

ስለ ጫካው በሰማሁበት ዕለት ግን በር ኋላ ሌላም ነገር ሰምቻለሁ፣ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለውም እሱ ላይ ነው። አባባ ሰማንያ ስለሚሞላቸው በዚያ አደን ጠመንጃውንና ራስጌውን ወንበር ለተተኪ አስረክባለሁ ብለዋል። ተተኪው አባዬ ነው፣ አንድ ልጃቸው ነው በወንድ። ግን አንድ ሰው ደግሞ አለ፦ የአክስቴ ባል። መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ሰው ሁሉ ጋሽ ፍሬን ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥም ሰው ሲራመድ ካየ «ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን!» ይላል። ጋሽ ፍሬን ያን ወንበር ይፈልገው ነበር። «መነጽር ጠጋኝ አጋዘን ገደለ ሲባል አይገርማችሁም? እኔ አንድ ዓመት ልሂድና ላሳያችሁ» ብሎ አባባ ጆሮ ላይ አስቀምጦ ነበር።

አባዬ ወጥ ቤት ውስጥ ለእማዬ እንዲህ አላት፦ «ወንበሩ እኮ አይደለም። እኔ አርባ ዓመቴ ነው፤ አባባ አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ቀን!»

እማዬ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። እኔ ትንፍሽ አላልኩም፣ ይገርማችኋል። ከዚያ ወሰንኩ። አባዬ ሲያድን በዓይኔ አይቼ ለአባባ ራሴ እመሰክርላቸዋለሁ። ሴት አደን አትሄድም የሚል ሕግ ነበር፤ እኔ ግን ገና ሰባት ዓመቴ ስለሆንኩ ሴትነቴ አልጀመረም ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ፊቱን ሲታጠብ መኪናው ኋላ ወንበር ሥር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። ብርድ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አጠገቤ ጠመንጃው አለ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ። አባዬ ከአባባ ቤት እንደተጠቀለለ ያመጣዋል፣ እንደተጠቀለለ ይመልሰዋል። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር አንድ ነገር ከውስጡ ኳ፣ ኳ ይላል። ጥይት ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አባዬ እየነዳ ያንጎራጉራል፤ ቀስ እያለ ንግግርም ይለማመዳል። «ከዚያ… ከዚያ ቀና ስል… ኧረ አይሆንም፣ አምናም ቀና ብያለሁ።»

ረጅም ሄድን። መኪናው ቆመ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። በብርድ ልብሱ ቀዳዳ አጮለቅኩና… ዛፍ የለም! ጠባብ የጓሮ መንገድ፣ የተደረደረ ባዶ ሳጥን፣ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ የብረት በር። ጠመንጃው አሁንም አጠገቤ ነው፣ ረስቶት ወርዷል! አባዬ በሩን ሦስቴ አንኳኳ። በሩ ተከፈተና አንድ ሰውዬ ወጣ። እንደዚያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ትከሻው በሩን ሞላው። ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ሊበጠር ይችላል፣ አንገቱ ላይ ወጥቶ ከጺሙ ጋር ይገናኛል። ነጭ ሽርጡ በሙሉ ደም ነው።

አባዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጫካው!»

ሰውዬው አቅፎ ከመሬት አነሳው። «ዓመት ደረሰ እንዴ! ግባ፣ ግባ!»

ወይኔ! ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ጫካ ማለት የዛፍ ቦታ አይደለም። ጫካ ሰው ነው! ለዚያ ነው ስልክ የሚያነሳው። ለዚያ ነው ሰኞ የሚያርፈው፣ ምስኪን፣ ሌላውን ቀን ሁሉ ሲሠራ ይውላል።

ቀስ ብዬ ወርጄ በበሩ ክፍተት አየሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል። እንስሳቱ በመንጠቆ ተሰቅለው በተራ ተሰልፈዋል፣ እና ልብ በሉ፣ አንዳቸውም ራስም ቆዳም የላቸውም! ለጫካው ይተዋል እያሉ የሚነግሩኝ እውነት ነው። ጫካው ወስዶታል፣ የራሱ ነዋ!

አስቡት፣ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እማዬ ሥጋ ስትገዛ አስከትላኝ አታውቅም። በእነዚህ ዓይኖቼ ካየሁት ውስጥ ከተነገረኝ ጋር የሚጋጭ አንድም ነገር አላገኘሁም።

«የትኛዋን ልስጥህ?» አለ ጫካው።

«ያቺን ወፈር ያለችዋን። ባለቤቴ ግን ስብ እንዳይበዛ ብላለች።»

«እንዴ፣ ሮጣ ሮጣ ስቡ ቀለጠ በላታ!» ብሎ ሳቀ ጫካው። ቢላውን ይስል ጀመር። «ዘንድሮስ ምን እናድርገው? አምና ገደል ነበረ። ካቻምና እባብ።»

አባዬ የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ቀድዶ እስክሪብቶ አወጣ። «ዘንድሮ ጠንከር ማለት አለበት። ወንበሩን የሚሰጡበት ነው።»

«ወንዝ ይግባበት።»

«መዋኘት አልችልም እኮ።»

«ታዲያ ማን ሲዋኝ አየህ? አጋዘኗ ወንዝ ገባች፣ አንተ ተከትለህ ገባህ፣ ውሃው እስከዚህ ድረስ» ብሎ በቢላው የራሱን አንገት አሳየ። «ከዚያ ድንጋይ ጨምርበት። ድንጋዩ ላይ ወጣህና አነጣጠርክ።»

«መነጽሬስ? ውሃ ውስጥ?»

«በጥርስህ ያዝከው!»

«በጥርሴ…» አባዬ በደስታ ጻፈ። «ይሄ ቆንጆ ነው። ይሄ በጣም ቆንጆ ነው።»

ጫካው ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ አስሮ ሰጠው። ለመቀመጥ ሲል «ጉልበቴ፣ ጉልበቴ!» ብሎ አቃሰተ። አባዬ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ቆነጠረ፣ በባልዲ ውሃ አቦካውና ቦት ጫማውን፣ ሱሪውን፣ በመጨረሻም ግንባሩን በጥንቃቄ ቀባ። ፀሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ያኔ ነው አንዱ ባዶ ሳጥን ላይ የተደገፍኩት። ጓ!

«ይቺ ደሞ ማናት?» አለ ጫካው።

አባዬ ከነጭቃው ነጣ። ሁለቱም እኔን አዩ፣ እኔ ጫካውን አየሁ። «እንደምን አደርክ ጫካው» አልኩ በአክብሮት። ጫካው ሳቁ ሲመጣ መንጠቆዎቹ ተወዛወዙ። ለእማዬ በጫካው ስልክ ተደወለላት። አባዬ «እኔ ጋ ናት» ካለ በኋላ ስልኩን ከጆሮው በክንድ አራቀው፤ እንዲያም ሆኖ ከበሩ ይሰማኛል፦ «ሬዲዮን ይዘህ ነው ጫካው ዘንድ የሄድከው? በቃ፣ አለቀልህ!»

መኪና ውስጥ አባዬ ትንሿን ጣቴን በትንሿ ጣቱ ያዘ። «ዛሬ ያየሽውን ለማንም አትናገሪም። ለማንም! እሺ?»

«ለአባባም?»

«በተለይ ለአባባ።»

«እሺ» አልኩ። ከልቤ ነበር። እውነቴን ነው።

አባባ ቤት ስንደርስ ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ሥጋው ተጠብሶ እስኪወጣ ሁላችንም በየወንበራችን። አባባ ራስጌ፣ ጠመንጃው እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ። ጋሽ ፍሬን ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ መጥቷል፤ ለአደን ማዕድ ከረባት! አክስቴ አጠገቡ ናት። እማዬ ከኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ አፏ ላይ ጣቷን አድርጋ በዓይኗ ታስፈራራኛለች።

አባዬ ቆመ። ጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ ዕፁብ ድንቅ ነበር! ጤዛው አለ፣ ቅጠሉ ኮሽ አለ፣ አጋዘኗ ጆሮዋን ቀሰረች። እዚያው የነበርኩት እኔ እንኳ ልቤ ትር ትር ይላል።

«ከዚያ ዘላ ወንዙ ውስጥ ገባች» አለ አባዬ።

«ይቅርታ» አለ ጋሽ ፍሬን።

 ሕጉ ተሰበረ!

«ይቅርታ፣ አባባ ይቅር ይበሉኝ፣ ግን የትኛው ወንዝ? በዚያ በኩል ያለውን መንገድ ሁሉ እኔ ተማሪ አስተምርበታለሁ። ድልድይ እንኳን የለም። ወንዝ የለም!»

አባዬ አፉን ከፈተ። ዘጋ። መነጽሩ በላብ ደበዘዘ። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሊያወጣው አይችል። ቃሉ ጠፍቶበታል። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። እናንተ ብትሆኑ ዝም ትላላችሁ? አባታችሁ ነው እኮ!

«አባዬ! ቀጥሎ ድንጋዩ ነው!» አልኩ። «ከዚያ መነጽርህን በጥርስህ!»

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ድንጋይ?» አለ ጋሽ ፍሬን ወደኔ ዞሮ።

«ጫካው ነዋ ድንጋይ ጨምርበት ያለው!»

ይሄን ካልኩ በኋላ መቆም አልቻልኩም። ወንበሬ ላይ ወጣሁ። «አንተ አባዬ አላደነም ትላለህ አይደል? አባዬ መተኮስ አያስፈልገውም! ጠመንጃውን መኪና ውስጥ ነው ጥሎት የገባው። ጫካው ያውቀዋል። ገና ሲያየው አቅፎ አነሳው! የትኛዋን ልስጥህ አለው። አባዬ ያቺን የወፈረችዋን አለ፣ ጫካው ራሱ ቆርጦ ሰጠው። አንተን ግን አያውቅህም!»

 ወጥ ቤት ውስጥ የሚጠበሰው ሥጋ ብቻ ቸስ ይላል። አባዬ ቆሞ በእጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነበር። ዓይኑ አባባ ላይ ነው። የፈተና ወረቀቱን የሚጠብቅ ልጅ ነው የሚመስለው። እኔ በደስታ ነበር ያየሁት። አሁን ነው ጎበዝ የሚሉት ብዬ።

አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች። «አይ የልጅ ነገር! ጫካው አቀፈው ትላለች!»

«ቆይ ቆይ» አለ ጋሽ ፍሬን፣ አልሳቀም። «ጠመንጃው መኪና ውስጥ…»

አባባ እጃቸውን አነሱ። 

«ነይ ወዲህ» አሉኝ። ሄድኩ። የደረቀ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ጫካው ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባባ። ግን ጉልበቱን ያመዋል።»

 ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተነቃነቀ። «አባቱንም ጉልበቱን ነበር የሚያመው» አሉ በቀስታ።

ጫካ አባት አለው! ይሄን ለክፍል ልጆች እስክነግር አላስችል አለኝ።

«በየት በኩል ገባችሁ?»

«በጓሮ። በአረንጓዴው በር።»

«አሁንም አረንጓዴ ነው?»

«ተልጧል።»

«እ…» ብለው ፊታቸውን ቀና አደረጉ። የማያይ ዓይናቸው ወደኔም ወደ አባዬም አልነበረም፣ ጣራው ላይ ያለው አምፖል ላይ ነበር። እና ጮክ ብለው አሉ፦

«ጎበዝ!»

ከዚያ ወደ ጋሽ ፍሬን ድምፅ ዞሩ። «አዳኝ አይጠየቅም ብያለሁ። ወንዝ አለ ካለ ወንዝ አለ። እኔም ሁለት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ።»

ጋሽ ፍሬን ከረባቱን አላላ። አባባ ጠመንጃውን ከጭናቸው አንስተው ለአባዬ ዘረጉለት። ሲቀበለው ኳ፣ ኳ አለ። «እርሳስ አለበት፣ ተጠንቀቅ» አሉት። አክስቴ ጮኻ ጠረጴዛ ሥር ገባች። መጀመሪያ ጋሽ ፍሬን ጀርባ ልትደበቅ ሞክራ ነበር፣ እሱ ግን እማዬ ጀርባ ተደብቋል።

ሥጋው ቀረበ። አጋዘኗ ትንሽ ፍየል ፍየል ትል ነበር። በላን፣ ጣታችንን ላስን።

እኔ ያን ቀን ሁለት ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፦ ጫካ ሰው መሆኑን፣ እና አባባ ጎበዝ እንዳሉኝ። ሁለቱንም አወራሁ። ስንት ዓመት! «ለማንም ጎበዝ የማይሉት አባባ ለኔ ግን…» እያልኩ።

የመጀመሪያው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ፈረሰ። ከእማዬ ጋር በአንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሳልፍ መንጠቆዎቹን አየሁና «እማዬ! እዚህም ጫካ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ የራሴን ጩኸት ሰማሁትና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ነጭ ሽርጥ። ደም። ስብ እንዳይበዛ። እማዬ ክንዴን ይዛ «ፈጣን ልጅ ናት ይሉሻል» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ ቃል በቃል። «እና? ሥጋው አልጣፈጠሽም?» አለችኝ ቀና ሳትል። ለጋሽ ፍሬንም ነገርኩት። እሱ ግን ያኔ ተማሪዎቹን በዚያ መንገድ ሲያስነዳ «በስተግራችሁ ወንዝ አለ፣ አይታይም፣ ተጠንቀቁ» ማለት ጀምሮ ነበር። በቃ፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ሬዲዮዬን አጠፋብኝ!

አባባ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። አባዬ ራስጌው ላይ ተቀምጦ ማንኪያ መምታት ተምሯል። ዘንድሮ ደግሞ፣ እንግዲህ ወንድም የለኝም፣ «ሬዲዮም ብትሆኚ ሌላ የለኝም» ብሎ አደን ይዞኝ ሄደ። በሕጋዊ መንገድ፣ ፊት ወንበር ላይ!

አረንጓዴው በር እንደተላጠ ነው። ጫካው ፀጉሩ በሙሉ ሸብቷል፣ አሁን በረዶ የወረደበት ጫካ ነው የሚመስለው። በምርኩዝ እያነከሰ አቀፈኝና ከቢላዎቹ ሥር ያለውን መሳቢያ ሳበው። በቢጫ ክር የታሰረ የመጠቅለያ ወረቀት ቁልል። «ከአባቴ ወርሼ የጨመርኩበት ነው፤ ያዢ፣ ከእንግዲህ የቤታችሁ ነው» አለኝ። ከላይ ያለውን የአባዬን ጽሑፍ አወቅኩት፤ ለካ በየዓመቱ ወረቀቱን እዚህ ይመልስ ነበር። ከሥሩ ያለው ግን በእርሳስ የተጻፈ ነው፣ ትልልቅ፣ ቀጥ ያሉ ፊደሎች። የአባባ። «ገደል። ከዚያ ጭጋግ። ጭጋጉ ሲገለጥ ፊት ለፊት ቆማለች። አላለቅስም።» አባዬ ይዞት የገባውን ጠመንጃ ከአንሶላው ፈትቶ፣ ገልብጦ አራገፈው። ከአፈሙዙ ውስጥ በጥርስ የተነከሰች፣ አውራ ጣት የማታክል እርሳስ ወጣች፤ የመጻፊያ እርሳስ። እርሳስ አለበት፣ ተጠንቀቅ! ወይ አባባ! ያ ጠመንጃ ተኩሶ የሚያውቀው ፊደል ብቻ ነው።

እኔ ዘንድሮ ጭጋግ ከነፋስ ጋር መረጥኩ። ግንባሬን አባዬ ራሱ ጭቃ ቀባኝ፣ በጣም ተጠንቅቆ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እየሳቅኩ ነበር። አባዬ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይነዳል። በኋላ እንዲህ አለ፦

«መጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ሃያ ዓመቴ ነው። እውነተኛ ጫካ ገብቼ እውነተኛ አጋዘን አየሁ። እሷም አየችኝ። በቃ መነጽሬ ደበዘዘ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባባ ስወጣ በታችኛው መንገድ ተመለስ ብለውኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። እያለቀስኩ ስመለስ በዚያ በር ላይ አንድ ፀጉራም ሰው ቆሟል። ስሜን እንኳን አልጠየቀኝም፣ ግባ አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እያታለልኳቸው መስሎኝ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺ አፍሽን ከፈትሽ።» ፈገግ አለ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ እየነዳ፣ ጋሽ ፍሬን ቢያይ ይሞት ነበር። «አባባ በሕይወታቸው አንድ ቀን ነው ጎበዝ ያሉኝ። ያን ቀን። ትዝ ይልሻል? ያቺን ጎበዝ ይዤ ነው እስከ ዛሬ ያለሁት።»

አፌ ተከፈተ።

አባዬ፣ እኔን እኮ ነው! እጃቸው እኔ ራስ ላይ ነበር! ስለ በሩ የመለስኩት እኔ ነኝ! አስራ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ… ቃሉ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር፣ እንደ መነጽር በጥርሴ ያዝኩት። አባባ ያን ጊዜ ያዩ የነበረው አምፖሉን ነው። ጎበዝ ደግሞ ወንድም ሴትም አይልም።

ዋጥኩት።

«ትዝ ይለኛል» አልኩ። «ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው ያሉህ።»

አባዬ መነጽሩን መልሶ አደረገና ማንጎራጎር ጀመረ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሰምቼ፣ እስከ ቤት ድረስ፣ እማዬ በር ላይ «ምን ሆናችሁ?» ስትለን ሳይቀር፣ ለማንም ሳልናገር ዋልኩ።

ለእናንተ ብቻ ነው። አባዬ ጆሮ እንዳይደርስ፣ በናታችሁ!